የትኛው እግር ቀድሞ አበጠ?

ጥያቄ፦ ለሥልጠና ዋርድ (ታካሚዎች ተኝተው የሚታከሙበት ክፍል) ከገባሁ ሁለት ወር ሆነኝ። ባለፈው ሳምንት እግራቸው ያበጠ አንድ አባት ተሰጡኝና ሂስትሪ፣ ማለትም የሕመማቸውን ታሪክ፣ ጠይቄ ወሰድኩ። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ከመጠይቅ ቅጹ ላይ አንድም ጥያቄ አልዘለልኩም። ራውንድ ላይ፣ ሐኪሞች አብረው ታካሚዎቹን ሲዞሩ፣ ሳቀርብ ሲኒየሩ (የበላዬ ሐኪም) አቋረጠኝና «የትኛው እግር ነው ቀድሞ ያበጠው?» አለኝ። አላውቅም። «ታዲያ አርባ ደቂቃ ምን ስታወሪ ነበር?» ሲል ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ታካሚ ፊት ስቆም አፌ ይተሳሰራል። ከታካሚ ጋር ብዙ የማያገናኝ ነገር፣ ለምሳሌ ፓቶሎጂ (ናሙናን በማይክሮስኮፕ መርምሮ በሽታን መለየት)፣ ብመርጥ ይሻለኛል? ወይስ ጭራሽ ሕክምናውን ልተወው?

መልስ፦ የመተዉን ነገር በኋላ እንመጣበታለን። መጀመሪያ ስለዚያ እግር እናውራ። እኔም አማካሪ ከመሆኔ በፊት ጋውን ለብሼ ዋርድ ለዋርድ ስመላለስ ኖሬያለሁ፤ ያበጠ እግር ያላሳፈረው ሐኪም አላጋጠመኝም።

ሲኒየሩ ሰው ፊት ማሳቁ ልክ አልነበረም። ጥያቄው ግን ልክ ነበር። ቅጹ የተሠራው ምንም ነገር እንዳይረሳ ነው። ቀጥሎ ምን እንደምትጠይቂ የሚነግርሽ ግን የታካሚው መልስ ነው። አንቺ ቅጹን እየሰማሽ አባትየውን ሳትሰሚያቸው የቀረሽ ይመስለኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ዝም በይ። «እስቲ እግርዎ እንዴት እንደጀመረዎት ያጫውቱኝ» ብለሽ እስክሪብቶውን አስቀምጪ። እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ሐኪሞች ታካሚያቸውን በአማካይ በ18 ሰከንድ ውስጥ እንደሚያቋርጡ አሳይቶ ነበር። አንቺ ሁለት ደቂቃ ብትታገሺ፣ ከቅጹ ግማሹ ሳትጠይቂ ይሞላልሻል።

ከዚያ ሁለት ነገር ለዪ። አንድ እግር ነው ወይስ ሁለቱም? በቀናት ውስጥ የመጣ ነው ወይስ በወራት? እነዚህን ሳታውቂ ሌላውን ሁሉ ብትጠይቂ በጨለማ መዳበስ ነው።

አንድ እግር ከሆነና በቀናት ውስጥ ከመጣ፣ መጀመሪያ የሚታሰበው ዲቪቲ ነው፤ በእግር ጥልቅ ደም መላሽ ሥር ውስጥ የሚረጋ ደም። አሁን ጥያቄዎችሽ ሁሉ ወደዚያ ይሄዳሉ። ባለፉት ሦስት ወራት ቀዶ ሕክምና ነበር? ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ አልጋ ላይ ውለዋል? እግራቸው በጄሶ ታስሮ ነበር? የካንሰር ሕክምና ላይ ናቸው? ከአራት ሰዓት በላይ ተቀምጠው ተጉዘዋል? ከዚህ በፊት ደም ረግቶባቸው ያውቃል? ሴት ከሆነች እርግዝናን፣ በቅርቡ መውለድንና የወሊድ መከላከያ ክኒንን አትርሺ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ትንፋሽን ጠይቂ። የረጋው ደም ተቆርሶ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ድንገት ትንፋሽ ያጠረው፣ አየር ሲስብ ደረቱን የሚወጋው ወይም ደም ያሳለው ሰው ካጋጠመሽ ሂስትሪውን እዚያው አቁሚና ሲኒየር ጥሪ። የቀረው ቅጽ ይደርሳል።

ያው አንድ እግር ቀልቶ፣ ግሎ፣ ትኩሳት ካለበት ደግሞ የቆዳ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በጣቶቹ መሃል ስንጥቅ ወይም ቁስል ነበር ወይ በይ።

ሁለቱም እግሮች ከሆኑ ግን ችግሩ ብዙ ጊዜ ከእግር ራቅ ያለ ቦታ ነው። ልብ፣ ኩላሊት፣ ጉበት። እዚህ ላይ እኔ የምወደው ጥያቄ «መጀመሪያ ያበጠው ምንዎ ነው?» የሚለው ነው። ጠዋት ሲነሱ ዓይናቸው ዙሪያ አብጦ የሚያድርና ሽንታቸው አረፋ የሚበዛበት ከሆነ ኩላሊት ፕሮቲን እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ሆድ ከእግር ከቀደመ ጉበትን አስቢ፤ ስለ ዓይን ቢጫ መሆን፣ ስለ መጠጥ፣ ስለ ሄፓታይተስ ጠይቂ። ትንፋሽ ማጠሩ ቀድሞ እግሩ ከተከተለ ወደ ልብ ድካም ያጋድላል። ሁልጊዜ እንዲህ ጥርት ብሎ አይመጣም፤ መነሻ ግን ይሆንሻል።

የልብን ጥያቄ እንዴት እንደምታቀርቢው ላይ ትንሽ ልቆይ። «ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ያጥርዎታል?» ስትያቸው ብዙዎች «አይ» ይላሉ። አልዋሹም። ከስድስት ወር በፊት ጀምረው በሦስት ትራስ ስለሚተኙ ጋደም ብለው አያውቁማ! «በስንት ትራስ ነው የሚተኙት? ድሮስ?» በያቸው። ቀጥለሽ ትራሱ ለአንገት ምቾት ነው ወይስ ለትንፋሽ እንደሆነ አጣሪ። ሌሊት ታፍነው ነቅተው መስኮት የከፈቱበት ቀን ካለ ደግሞ ራሳቸው ያስታውሱታል። እብጠቱ መቼ እንደጀመረም በቀን አትጠይቂ፤ በጫማ ጠይቂ። «ጫማዎ መጥበብ የጀመረው መቼ ነው?» እብጠት በጣት ስትጫኚው ጎድጎድ ብሎ እስኪታይ ድረስ ሰውነት ውስጥ ወደ ሦስት ሊትር የሚጠጋ ውኃ ሊጠራቀም ይችላል። ክብደትና ጫማ ከዓይን ቀድመው ያውቃሉ።

ማታ ማታ የሚብስና እግር ሰቀል ተደርጎ ሲታደር የሚቀንስ፣ ዓመታት የቆየ እብጠት የደም መላሽ ሥሮች ድክመት ሊሆን ይችላል። ነፍሰ ጡር ላይ የቁርጭምጭሚት እብጠት የተለመደ ነው። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ግን ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ሳትጠይቂ፣ ግፊትም ሳትለኪ አትሸኛት። ዓመታት ቆይቶ የጠነከረና አድሮ የማይጎድል ከሆነ ዝሆኔም አለ። ስለ እሱ ስትጠይቂ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፤ ታካሚው አፍሮበት የኖረ ነገር ሊሆን ይችላል።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገርሽ። ጀማሪ ሳለሁ ሁለት እግራቸው ያበጠ አንዲት እናት መጡ። «መድኃኒት ይወስዳሉ?» አልኳቸው። «አይ ልጄ፣ ምንም።» እኔም «መድኃኒት፦ የለም» ብዬ ጻፍኩና የሚያሸና ክኒን አዘዝኩላቸው። እግራቸው ያው ሆኖ ራሳቸው እየዞረ ተመለሱ። በሦስተኛው ጊዜ ልጃቸው አብራቸው መጥታ ቦርሳቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ገለበጠችው። አምሎዲፒን! ለካ ለደም ግፊት ከታዘዘላቸው ወራት ሆኗል። «ይቺማ መድኃኒት አይደለችም፣ ግፊቱ እንዳይመጣብኝ የምውጣት ናት» አሉኝ። ለእሳቸው መድኃኒት ማለት ሲያማቸው የሚውጡት ነው። አምሎዲፒን ትናንሽ የደም ሥሮችን እያሰፋ ፈሳሽ ከሥሮቹ ወደ ውጭ ያዘልቃል፤ ሰውነት ውስጥ ውኃ ስለበዛ የመጣ እብጠት ስላልሆነ የሚያሸና ክኒን እምብዛም አይፈይደውም። የእኔ ስንፍና ለእኚያ እናት አንድ ተጨማሪ ክኒንና መንገዳገድ አተረፈላቸው። ከዚያ ወዲህ «በየቀኑ የሚውጡት ነገር አለ? ለግፊት? ለስኳር? ለመገጣጠሚያ ሕመም?» እላለሁ፤ ቦርሳውንም አስከፍታለሁ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን፣ ስቴሮይዶችም ሰውነት ውስጥ ጨውና ውኃ እንዲጠራቀም ያደርጋሉ፤ ሰው ግን ማስታገሻን መድኃኒት ብሎ አይቆጥረውም።

እንግዲህ ወደ ፓቶሎጂው። ግሩም ሙያ ነው፤ ማይክሮስኮፕ ሲከፈትልሽ ልብሽ ደስ የሚለው ከሆነ ግቢበት። መሸሸጊያ ይሆነኛል ብለሽ ከሆነ ግን ይቅርብሽ። የመረጥሽው ፍርሃትሽን ከሆነ እሱ አብሮሽ ይሄዳል። ደግሞስ ፓቶሎጂስት ያለ ሂስትሪ የሚሠራ ይመስልሻል? «የእግር እብጠት» ብቻ ተጽፎበት የተላከለት ናሙና ሲመጣ ስልክ የሚያነሳው እሱ ነው።

ሕክምናውን መተው የሚባለውን በሁለት ወር ልምድና በአንድ ራውንድ አልወስነውም። ይህን ዙር ጨርሺው። በሳምንት አንድ ያበጠ እግር ፈልጊ። አጠገባቸው ተቀመጪ፤ ቆሞ የሚጠይቅ ሰው ሊሄድ የቸኮለ ይመስላል። ስትጨርሺ ለራሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሪው፦ «የ60 ዓመት አባት፣ ከሦስት ሳምንት ወዲህ ቀስ እያለ የመጣ የሁለት እግር እብጠት፣ በሦስት ትራስ የሚተኙ።» ይህን ማለት ካቃተሽ የጎደለው ጥያቄ የቱ እንደሆነ እዚያው ይታይሻል። ከሦስት ወር በኋላም ታካሚ ፊት መቆም የሚያስጨንቅሽ ከሆነ ጻፊልኝ፤ ያኔ ስለ ሌላ መንገድ በቁም ነገር እንነጋገራለን።

እኚያ አባት ግን አሁንም ዋርድ ካሉ ዛሬውኑ ሂጂ። «አባቴ፣ ያኔ ሳልጠይቅዎ የሄድኩት አንድ ነገር አለ» በያቸው። የትኛው እግር እንደቀደመ ሲነግሩሽ ለእኔም ላኪልኝ፤ ከጓጓሁ ቆየሁ።