ዳንኤል ሳያሸንፍ ማሊያውን ለምን ለበሰ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጅ፣ ኤርትራዊው ብስክሌተኛ ዳንኤል ተክለሃይማኖት ሳይወዳደር ከቆየ ቆየ አይደል፣ እና ቱር ደ ፍራንስ የብስክሌት ውድድር ላይ ነጭ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ያላትን ማሊያ ለብሶ የተነሳትን ፎቶ ስልኬ ላይ አስቀምጫታለሁ። ወንድሜ ግን «አንድም ስቴጅ (የአንድ ቀን ውድድር) አላሸነፈም እኮ፣ በምን ሰጡት?» እያለ ያናድደኛል። ምን ልበለው?

መልስ፦ ወንድምህ ግማሹን ልክ ነው፣ ስቴጅ አላሸነፈም። ግን ያ ማሊያ ዳገት ላይ ነጥብ ለሰበሰበ እንጂ መጨረሻው ላይ ቀድሞ ለገባ አይደለም። ዳገቶቹ በደረጃ ይከፈላሉ፣ ቀላሉ 4ኛ ደረጃ ነው፣ እዛ ጫፍ ላይ አንደኛ የደረሰ ብቻ 1 ነጥብ ያገኛል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 9 ቀን 2015 ከአቤቪል ወደ ለ አቭር በነበረው 6ኛው ስቴጅ ዳንኤል ከሁለት ጋላቢዎች ጋር ከዋናው ቡድን አምልጦ ወጣና ሶስቱንም 4ኛ ደረጃ ዳገቶች እሱ ቀድሞ አለፋቸው፣ ትልልቆቹ ተራሮች ገና ስላልመጡ ሶስት ነጥብ በቂ ሆነችለት (ብልጠት ማለት ይሄ ነው በእኔ ቤት)። ከዛ በፊት ማሊያውን የለበሰ አፍሪካዊ አልነበረም፣ ቡድኑ ኤምቲኤን ኩቤካም ቱሩ ላይ የተሳተፈ፣ በአፍሪካ የተመዘገበ የመጀመሪያው ፕሮፌሽናል ቡድን ነው። ፒሬኒስ ተራሮች ሲደርሱ እንግሊዛዊው ብስክሌተኛ ክሪስ ፍሩም ወሰደበት፣ ያው የሚጠበቅ ነው።

ደግሞ ወንድምህ አሁንም እምቢ ካለ ክሪቴሪየም ዱ ዶፊኔ የሚባለውን ሌላ የፈረንሳይ ውድድር ጥቀስለት፣ እዛ የተራራ ማሊያውን በ2015ም በ2016ም እስከ መጨረሻው ይዞ ነው ወደ ቤቱ የሄደው።