የወደቁት ጠላቶች ለምን ይነሣሉ? (ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ፦ ዘ ሳንድስ ኦፍ ታይም)

በዚህ የኮምፒውተር ጨዋታ ጠላቶቹ ወድቀው የሚነሡብህ በሰይፍ ብቻ ስለምትመታቸው ነው። መሬት ላይ እንደተዘረሩ ልዑሉ በያዘው አስማታዊ ጩቤ ወግተህ በውስጣቸው ያለውን አሸዋ ምጠጥ፤ ያን ጊዜ ይጠፋሉ። ጩቤው ጊዜን ወደ ኋላ የሚመልሰው በዚሁ አሸዋ ነው፣ ስለዚህ ሁለት ጥቅም ታገኛለህ። አብራህ የምትዋጋውን ልዕልት ፋራህንም ከዓይንህ አትጣት፤ እሷ ከሞተች አንተም ተሸነፍክ።

«ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ጓደኛዬ ቤት ጀመርኩት፣ በራሴ ኮምፒውተር ልጫነው ወይስ ልተወው?» ላልከው፦ ጫነው። ዩቢሶፍት በ2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ቢሆንም በግድግዳ ላይ መሮጡ፣ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ መዝለሉ ዛሬም ያስደስታል። ዘልለህ ብትስት አንድ ቁልፍ ትጫንና ከገደሉ ወደ ጫፉ ትመለሳለህ። እኔ አንዳንዴ ሆን ብዬ እወድቅ ነበር።

ውጊያው ግን ያሰለቻል። አንዱን ቡድን ስትጨርስ ሌላው ይመጣል፣ ዘዴው ያው ነው። ካሜራውም በጠባብ ቦታ ከግድግዳ ጋር ይጣላል።

አንድ ነገር ልንገርህ። ጨዋታው የሚቀመጠው (ሴቭ የሚደረገው) የብርሃን ዓምድ በሚታይባቸው ቦታዎች ብቻ ነው። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ሳለሁ በግንቦት ሙቀት ረጅም ውጊያ ጨርሼ ዓምዱ ጋ ለመድረስ ጥቂት እርምጃ ሲቀር መብራት ጠፋ። ማራገቢያው ቆመ፣ ስክሪኑ ጠቆረ፣ ሁሉንም እንደገና ጀመርኩ። ዓምዱን ስታይ «ትንሽ ልቀጥል» ሳትል መጀመሪያ አስቀምጥ።