ጋሼ፣ ለዶርማችን ማኅበር ከምን እንጀምር?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በዶርማችን አራት ሴቶች ነን፤ አብረን እናጠናለን። አሁን እንደ አሜሪካኖቹ የግሪክ ፊደል ያለው ማኅበር ልንመሠርት አስበናል። ቲሸርት እናሳትማለን፤ ለመጪዎቹ ፍሬሾችም ትንሽ የመግቢያ ፈተና ብጤ እናዘጋጃለን። የድሮዎቹ እንዲህ ነበር የጀመሩት? እኛስ ከምን እንጀምር?
(ከሐዋሳ)

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔም የተማርኩት እዚሁ ሐዋሳ፣ የእርሻ ኮሌጅ በነበረበት ዘመን ነው። ኬሚስትሪን ያለፍኩት የዶርሜ ልጆች ማታ ማታ እየጠየቁኝ ስለሆነ ነገሩ ከልብ ይገባኛል።

ዓመቶቹንም ቀኖቹንም በፈረንጅ ልቁጠርልሽ። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በቂ ዶርም አልነበራቸውም። ተማሪው ከተማ ውስጥ ክፍል ይከራያል፤ ምግቡንም እየከፈለ ሰው ቤት ይበላል። ፍራተርኒቲ የሚባሉት የወንዶች ማኅበራት ግን የራሳቸው ቤት ነበራቸው። አባል የሆነ መኝታም፣ ማዕድም፣ ጓደኛም ያገኛል። ሴቶቹም ሶሮሪቲ የሚሉትን አቋቋሙ። በሩ ግን ለሁሉም አልተከፈተም። ጥቁር ተማሪ አይገባም፤ አይሁዳውያንም በብዙዎቹ ዘንድ አይፈለጉም ነበር።

አሁን ወደ አንቺ ጥያቄ የሚጠጋውን ላውራሽ። በኒውዮርክ ግዛት፣ ኢታካ በምትባል ከተማ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ አለ። በ1905 ትምህርት ሲከፈት ስድስት ጥቁር ተማሪዎች ሳይመለሱ ቀሩ። የቀሩት ጥቂቶች ነገሩ አስጨነቃቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ያደረጉት መሰብሰብና አብረው ማጥናት ነው። ከመካከላቸው በነጮቹ ፍራተርኒቲ ቤቶች እያስተናገዱ የሚማሩ ነበሩ፤ የማኅበሩን አሠራር እዚያ ሆነው አይተዋል። ማኅበር እንሁን ወይስ የጥናት ቡድን ሆነን እንቅር ብለው ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ ታኅሣሥ 4 ቀን 1906 ሰባት ሆነው አልፋ ፋይ አልፋን መሠረቱ። በእኛ 1899 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እንኳ ገና አልተከፈተም። ከሰባቱ አንዱ፣ ቨርትነር ታንዲ፣ ኋላ በኒውዮርክ ግዛት ፈቃድ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አርክቴክት ሆነ። እኔን የሚያስደንቀኝ ቅደም ተከተሉ ነው፦ ጥናቱ ቀደመ፣ ፊደሉ ተከተለ። እናንተም የቀደመውን ይዛችኋል።

የሴቶቹንም አልዘልለውም። በዋሽንግተን፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ አልፋ ካፓ አልፋ የሚባለው የጥቁር ሴቶች ማኅበር በ1908 ተመሠረተ። በ1913 ጥር ላይ ደግሞ 22 ሴት ተማሪዎች ዴልታ ሲግማ ቴታን አቋቋሙ። ሁለት ወር ሳይሞላቸው፣ መጋቢት 3 ቀን፣ ሴቶች የመምረጥ መብት ይሰጣቸው በሚለው የዋሽንግተን ሰልፍ ላይ ወጡ። በአደባባይ የሠሩት የመጀመሪያ ሥራቸው ይሄ ነው! ይህን ለዶርም ጓደኞችሽ ንገሪልኝ።

ፈተና ያልሽውን ግን ተይው፤ በዚህ አልደራደርም። በዚያ ዘመን በብዙ ኮሌጅ ፍሬሹ ትንሽ ቆብ እንዲያደርግ ይገደዳል፤ ሲኒየሮች ያዙታል፣ ያዋርዱታል። የማኅበር መግቢያ የሚሉት ደግሞ ሕይወት ቀጥፏል። እዚያው ኮርኔል በ1873 አንድ አዲስ ተማሪ ለአባልነት ሥርዓት ብለው በሌሊት አውጥተውት ገደል ገብቶ ሞቷል። ከጅማ ወይም ከደሴ ተጉዛ የመጣች፣ ገና ካፌው በየት በኩል እንደሆነ የጠፋባት ልጅ ላይ ምን ፈተና ይጨመራል?

እንግዲህ ከምን ትጀምሩ? ፍሬሾቹ በገቡበት ሳምንት ዶርማቸው ድረስ ሂዱ። የጥናት ሰዓትና ቦታ ንገሯቸው። በምን ኮርስ ብዙ ሰው እንደሚወድቅ ታውቃላችሁ፤ በእሱ ጀምሩ። ግቢው ውስጥ በይፋ እንድትንቀሳቀሱ የተማሪዎች ኅብረትን አነጋግሩ፤ ደብዳቤ ይጽፉላችኋል ወይም ወደሚመለከተው ክፍል ይመሯችኋል። የቲሸርቱ ነገር ይቆይ። በዚያ ብር የቆዩ ፈተናዎችንና ሃንድአውት ኮፒ አድርጉላቸው።