አርኤንኤ ተምሬ ምን ልሥራ?

ከጅማ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ መልእክትሽ ደርሶኛል። ባዮሎጂ የመጨረሻ ዓመት ነሽ። ከአርኤንኤ (የዘረመል መመሪያን ቅጂ ከሚይዘው ሞለኪውል) ጋር የሚጣበቁ ፕሮቲኖች በሕዋስ ውስጥ የትኛው ፕሮቲን የት እንደሚመረት እንደሚቆጣጠሩ አንብበሽ ልብሽ እዚያው ቀርቷል። አባትሽ ግን «ይሄ እንጀራ ይሆናል?» ብለውሻል። ለዚህ የሚሆን ማይክሮስኮፕም የለንም ትያለሽ።

ምርጫሽን ወድጄዋለሁ። የአንዳንድ ነርቭ ሕዋስ ክር እስከ አንድ ሜትር ይረዝማል። ጫፉ የሚፈልገውን ሁሉ መሃል ላይ ሠርቶ መላክ አያዋጣም። ስለዚህ የፕሮቲን መሥሪያ መመሪያው፣ ማለትም ኤምአርኤንኤ የሚባለው የአርኤንኤ ዓይነት፣ ሳይነበብ ይጓዛል። የጅማ ቡናስ ጥሬውን ተጭኖ ሄዶ የሚቆላው ጠጪው አገር አይደል? መመሪያውን በመንገድ ላይ እንዳይነበብ አፍኖ የሚይዘው ተጣባቂው ፕሮቲን ነው። ለምሳሌ ዜድቢፒ1 የተባለው ተጣባቂ፣ ቤታ አክቲን ለሚባል ፕሮቲን መመሪያ በሆነው ኤምአርኤንኤ ጭራ አካባቢ 54 ፊደል ያላት ቁራጭ ላይ ይጣበቃል። ቦታው ሲደርስ ሳርክ የሚባል ኢንዛይም ፎስፌት የተባለ ኬሚካል ይለጥፍበታል። ያኔ ይለቃል፤ መመሪያውን አንብቦ ፕሮቲን የሚሠራው ራይቦዞምም ሥራ ይጀምራል።

ቅንጦት ነው ለሚልሽም መልስ አለሽ። ኤፍኤምአርፒ የተባለው ፕሮቲን ሲጠፋ ፍራጃይል ኤክስ የሚባለው የአእምሮ እድገት ችግር ይመጣል።

ወደ እንጀራው ስንመጣ፣ በዚህ ርዕስ ስም የሥራ ማስታወቂያ አገር ውስጥ አትጠብቂ። የሚቀጥሩሽ ለእጅሽ ሙያ ነው። አርኤንኤን የሚበሉ ኢንዛይሞች ቆዳችን ላይ ሳይቀር አሉ። ጓንት መቀያየር፣ ጠረጴዛ መጥረግ፣ ናሙናን በረዶ ላይ ማቆየት የለመደ እጅ ለቫይረስ ምርመራም ይፈለጋል። ፒሲአር (የዘረመል ቁራጭን አባዝቶ የሚለይ ዘዴ) ላይ በደንብ ሥሪ። አዲስ አበባ ያለውን አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምንም ተከታተይ።

ማይክሮስኮፑን ግን አትጠብቂ። ኤንኮድ የተባለው ፕሮጀክት ከ100 በላይ እንዲህ ያሉ ፕሮቲኖች የት የት እንደሚጣበቁ የሚያሳይ ዳታ በነፃ ለቋል። ላፕቶፕና ትንሽ የፓይተን ፕሮግራሚንግ ይበቃሻል። (ዳታውን ሌሊት አውርጂው፤ ቀን ኔትወርኩ ያንቀራፍፍሻል።) ለመመረቂያ ሥራሽ አንድ ፕሮቲን ያዢ፣ አንድ ጥያቄ ጠይቂ። ዳታው የተሰበሰበው ከደም ካንሰርና ከጉበት ካንሰር ሕዋሳት ስለሆነ ስለ ነርቭ ብዙ አትደምድሚበት። ይህን ገደብ ፈታኙ ሳይነግርሽ ራስሽ ጻፊው።

ውጭ አገር ላሉ ፕሮፌሰሮች ስትጽፊ «ለሳይንስ ትልቅ ፍቅር አለኝ» የሚለውን ተዪው፤ ሁሉም እሱን ነው የሚልከው። ከጽሑፋቸው አንድ ምስል ምረጪ፣ ያልገባሽን ጠይቂ፣ የሠራሽውን ግራፍ አያይዢ። የማመልከቻ ክፍያ ይቀርልኝ ብለሽ ለመጠየቅም አትፈሪ፤ ይህን የሚፈቅዱ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ።