ሱቅ ውስጥ የወደድሽው ሌላ፣ ማታ ይዘሽው የምትገቢው ሌላ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ከጓደኛሽ ጋር ከአንድ ጠርሙስ የተቀዳ ነጭ ሚስክ የሚባል የዘይት ሽቶ ገዛችሁ። እሷ ላይ ገና ታጥቦ እንደደረቀ ነጠላ ይሸታል። አንቺ ላይ ግን ሰዓት ሳይሞላ ጠፋ፤ የቀረችውም ሽታ ዱቄት ዱቄት አለችሽ። «ተሸወድኩ ወይስ ገላዬ ነው?» ነው ያልሽው። መሸወድም አለ፣ በኋላ እመጣበታለሁ። ያንቺ ግን እሱ አይመስለኝም።

እኔ የማርቆስ ልጅ ነኝ፤ ኑሮዬ ባሕር ዳር ነው። አክስቴ ከጅዳ ስትመለስ ጣት የምታህል ጠርሙስ ሰጠችኝ። ይኸው ከዚያ ወዲህ 11 ዓመት ሙሉ የዘይት ሽቶ እቀባለሁ። አዋቂ ነኝ አልልም። በገዛ ብሬ ነው የተማርኩት።

የሚረጨው ሽቶ አብዛኛው አልኮል ነው። አልኮሉ ቶሎ ሲተን ሽታውን ይዞ ይነሳል፤ ክፍሉን ወዲያው የሚሞላው ለዚህ ነው። ዘይቱ ግን አይቸኩልም። ገላ ላይ ተኝቶ ቀስ እያለ ይለቃል። ስለዚህ ከሩቅ አይጣራም፤ ያቀፈሽ ሰው ነው የሚያገኘው።

ደግሞ ውስጡ ያለው ሁሉ እኩል አይሄድም። ሎሚና ብርቱካን የሚሉት በሩብ ሰዓት ብን ይላሉ። አበባ አበባ የሚለው ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆያል። እንጨቱ፣ አምበሩ (ያ ጣፋጭ፣ ሙጫ ሙጫ የሚለው ሽታ)፣ ሚስኩ ማታም አለ፤ ልብስ ላይ ሲሆንማ ለቀናት። ባለሱቁ እጅሽ ላይ ጠብ አድርጎ «እንዴት ነው?» ሲልሽ የሸተተሽ ያ ቶሎ የሚሄደው ነው። በእሱ ፈርደሽ ትከፍያለሽ፤ ቤት ይዘሽ የምትገቢው ግን ሌላውን ነው። እኔ አሁን ከተቀባሁ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ብር አላወጣም። ቅር የሚለው ባለሱቅ ይበለው።

ወደ ሚስክሽ ልመለስ። ሚስክ ድሮ ከአንድ የእስያ እንስሳ ይወጣ ነበር፤ ዛሬ የሚሸጠው ከሞላ ጎደል በላብራቶሪ የተሠራ ነው። ከባድ ስለሆነ ቶሎ አይተንም። ግን አንድ ጉድ አለው። አንዳንድ አፍንጫ አንዱን የሚስክ ዓይነት ጭራሽ አይሰማውም፤ ሌላውን ደህና አድርጎ ይሰማል። የሚሰማውም ቢሆን ቶሎ ይለምደዋል። አንቺ «ጠፋ» ያልሽው ሚስክ ከአጠገብሽ ላለ ሰው ገና እየሸተተ ሊሆን ይችላል።

ይሄን የተማርኩት በሚኒባስ ነው። እናቴን ልጠይቅ ወደ ማርቆስ ስሄድ «አይሸተኝም» እያልኩ ሚስኬን ሦስቴ ደጋገምኩት። መንገዳችንን ታውቂዋለሽ፤ በረሃም ቢሆን «ብርድ መታኝ» ተብሎ መስኮት አይከፈትም። ያን ቀን እንጅባራ ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ ተሳፋሪው ራሱ መስኮት ከፈተ። ረዳቱ ዞሮ «ሽቶ የፈሰሰበት ሰው አለ?» አለ። እስከ ቡሬ ነጠላዬን ተከናንቤ ሄድኩ።

ከዚያ ወዲህ አፍንጫዬን አላምነውም፣ ሰው እጠይቃለሁ።

ገላን በተመለከተ፣ አዎ፣ ልዩነት አለው። ደረቅ ገላ ዘይቱን ቶሎ ይጠጣዋል፤ ወዛም ገላ ይዞ ያቆየዋል። ሙቀትም አለ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ማርቆስ ከ2,400 ታልፋለች። ያው አምበር ማርቆስ ላይ ጸጥ ብሎ የዋለው፣ ሚያዝያ ላይ ባሕር ዳር እንደ ተቃጠለ ስኳር ይነሳብኛል። ገላሽ ደረቅ ከሆነ መጀመሪያ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ስስ አድርገሽ ተቀቢ፣ ከዚያ ሽቶውን ከላይ። ቅባት ሽታ ይይዛል። አያቶቻችን አደስ ወቅጠው ቅቤ ላይ ሲጨምሩ ይሄንኑ ያውቁ ነበር።

ሌሎቹ ዘይቶች እኔ ላይ እንዴት እንደሆኑ ልንገርሽ፤ አንቺ ላይ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ኡድ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በረት ነው። አልዋሽሽም፣ በረት። ዛፉ ሻጋታ ሲገባበት የሚያወጣው ሙጫ ነው መነሻው፤ ስለዚህ ቢከብድ አይግረምሽ። እየቆየ ሲሄድ ግን በወይራ የታጠነ የወተት ዕቃ ይሆናል። እኔ ለእሱ ስል በረቱን እታገሣለሁ። ባሌ አይታገሥም፤ ሌላ ክፍል ይሄዳል። በርካሽ የምናገኘው ኡድ ግን በአብዛኛው በላብራቶሪ የተቀመመ ነው። እሱም መጥፎ አይደለም፣ እንዲያውም በረቱ ይቀንሳል።

ሰንደል ስንል እኛ የምናውቀው የሚለኮሰውን ቀጭኑን ነው። የሰንደል እንጨት ዘይት እንደዚያ አይጨስም። ወተት ወተት ይላል፣ ለስላሳ ነው፣ ከጠዋት እስከ ማታ ብዙም አይለወጥም። ለጀማሪ እሱን ነው የምመክረው።

ጽጌረዳ እኔ ላይ ሳሙና ትሆናለች፤ እህቴ ላይ ግን እውነተኛ አበባ ናት። የአንድ እናት ልጆች ነን እንግዲህ! ጃስሚን በብርድ ቆንጆ ነው። በሙቀት ግን ከሥሩ የቆሻሻ ሽታ ብቅ ይላል። አበባው ውስጥ ኢንዶል የሚባል ነገር አለ፤ ይኸው ኢንዶል ዓይነ ምድር ውስጥም ይገኛል። ትንሹ ያሳምረዋል፣ ሲበዛ ያስታውቃል።

እዚህ ላይ የኛው ዝባድ ትዝ አለኝ። ከጥርኝ የሚወጣው። ንጹሑን ያሸተተ ሰው አፍንጫውን ይዞ ይሸሻል። በጣም ሲቀጥን ግን ሞቅ ያለ፣ የሰው ገላ የመሰለ ሽታ ይሆናል፤ ሌላውንም ሽቶ ያቆየዋል። በ19ኛው መቶ ዘመን ከዓባይ ማዶ፣ ከእናርያ ወገን፣ እየተጫነ ጎጃም ባሶ ገበያ ይመጣ ነበር። የዓለም ሽቶ ቀማሚዎች የሚፈልጉት ነገር በደጃችን ሲያልፍ ኖረና እኛ ዛሬ ሚሊ ሊትር በስንት ብር እንከራከራለን።

ቫኒላ ያለበት ዘይት እየቆየ ይጠቁራል። ተበላሸ ብለሽ አትጣይው። ነጭ ልብስ ላይ ግን እንዳታስነኪው፤ የጥምቀት ነጠላዬ ጥለቱ አጠገብ እስከዛሬ ቡናማ ነጥብ አለበት። ቤርጋሞት የሚባለውን ዘይት ደግሞ ፀሐይ በሚያገኘው ገላ ላይ አትቀቢ። ጣና ዳር ቅዳሜን ስዝናና ውዬ አንገቴ ላይ ለወራት የቆየ ጥቁር ምልክት አወጣሁ።

መሸወዱን እነግርሻለሁ ብዬ ነበር። አንዴ ከአንድ ሱቅ «ንጹሕ አምበር» ብዬ ገዛሁ። ግማሽ ሰዓት ሸተተና አበቃ። ሁለት ወር ሳይሞላ ጠርሙሱን ስከፍት የሰነበተ የመጥበሻ ዘይት ሸተተኝ። የምግብ ዘይት ቀላቅለውበት ነው። ያንቺ ሚስክ ከጓደኛሽ ጋር ከአንድ ጠርሙስ የተቀዳ ከሆነና እሷ ላይ ከዋለ ግን ዘይቱ ጤነኛ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሱቅ ስትገቢ ስምንት ዘይት አታሽቺ። ከሦስተኛው በኋላ ሁሉም አንድ ነው። ቡና ፍሬ አሽቺ ይሉሻል፤ እኔ ላይ ብዙም አልሠራም። የራሴን ክርን አሸትቼ፣ ወጣ ብዬ ተንፍሼ እመለሳለሁ። አንድ ዘይት በቀኝ እጅ፣ ሌላ በግራ። በቃ። ከዚያ ወደ ጉዳይሽ ሂጂ፤ ገበያሽን ገብዪ፣ ቡናሽን ጠጪ፣ በየመሐሉ አሽቺው።

ሚስኩን ግን ገና ለሰው እንዳትሰጪው። ነገ ጠዋት ቫዝሊን ቀብተሽ ጠብታውን ከላይ አድርጊና ቀኑን ሙሉ አትድገሚው። ማታ ስትገቢ እናትሽ አጠገብ ተቀምጠሽ «እማ፣ ምን ይሸትሻል?» በያት።