ጉማሬም ከዛፍ ወደቀ እንዴ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዳማ የታሪክ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ «ሉሲ ከዛፍ ወድቃ እንደሞተች ኮምፒውተር አረጋግጧል» ብለው ድርቅ አሉብኝ። እውነት ነው? አጥንቷን በፕሪንተር ማተም ይቻላልም ይላሉ።

መልስ፦ መምህር፣ ተማሪዎችዎ ግማሹን አግኝተውታል። ኮምፒውተሩ ያሳየው ስብራቱን ነው። «ወድቃ ነው» ያሉት ሰዎች ናቸው።

ድንቅነሽ አሜሪካ ለኤግዚቢሽን በሄደችበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ኦስቲን ባለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሲቲ ስካን ተነሣች። እኛ ሆስፒታል የምንነሣው ዓይነት እንዳይመስልዎ። አጥንቷ ድንጋይ ሆኗል፤ ጨረሩ እሱን ሰንጥቆ ማለፍ ስላለበት በጣም ኃይለኛ ማሽን ነው የተጠቀሙት። 10 ቀን ፈጀ። ድፎ ዳቦ በስሱ፣ በጣም በስሱ ሲቆረጥ ያስቡት፦ 35,000 ቁራጭ ምስል ወጣ፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ቁራጮቹን መልሶ ደርድሮ አጥንቱን ስክሪን ላይ አቆመው። ከዚያ በኋላ ዋናውን ሳይነኩ እንደፈለጉ ማገላበጥ ነው።

የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ጆን ካፐልማንና ባልደረቦቹ ዓይናቸው ያረፈው የቀኝ ክንዷ አጥንት ትከሻው ጋ የተጨፈለቀበት ቦታ ላይ ነው። በ3ዲ አትመው ለአጥንት ሐኪም አሳዩት። ሰው ከከፍታ ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ መሬቱን ሲመታ የሚደርስበት ስብራት ነው አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ከ12 ሜትር በላይ ወድቃ ሳይሆን አይቀርም ብለው ጻፉ። ወሬውም ዓለምን አዳረሰ።

ግን እ.ኤ.አ. በ1974 አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ያገኛት ዶናልድ ጆሃንሰን ራሱ አልተዋጠለትም። እዚያው አካባቢ የዝሆንና የጉማሬ አጥንትም እንዲሁ ተሰባብሮ ይገኛል ባይ ነው። መቼም ጉማሬ ዛፍ ላይ አይወጣ! አጥንት ከተቀበረ በኋላም የላዩ አፈር ክብደት ይሰብረዋል። እኔ ወደ እሱ አደላለሁ።

ኅትመቱ ግን እውነት ነው። በኢትዮጵያ ፈቃድ የትከሻዋና የጉልበቷ 3ዲ ፋይል ኢሉሲ በሚባለው ድረ ገጽ በነፃ ተለቋል። 3ዲ ፕሪንተር ያለው ሰው ካገኙ ከጉልበቷ ይጀምሩ፤ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር የሚመሰክረው እሱ ነው። መጠኑን እንዳይለውጡት። ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ገደማ ስለነበር ጉልበቷ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ተማሪዎቹ መጀመሪያ የራሳቸውን ጉልበት ይዳብሱ፣ ከዚያ ያቀብሏቸው።