መልስ፦ ጃፓን የምትማረው እህቴ ደሴ መጥታ የጃፓን ቪዛዋን ማራዘም ትችላለች?

አትችልም ወንድሜ። ማራዘሚያ ስታመለክት እዚያው ጃፓን መገኘት አለባት። የጃፓን ኢሚግሬሽን ቢሮ ማመልከቻ የሚቀበለው የመቆያ ፈቃዱ ሊያበቃ 3 ወር ሲቀረው ጀምሮ ነው። የመኖሪያ ካርዷ ላይ ያለው ማብቂያ ቀን ሴፕቴምበር 30 ነው ካልክ፣ ከጁን 30 በኋላ ቢሮው ሄዳ ማመልከት ትችላለች ማለት ነው። ለክረምት ከመምጣቷ በፊት ትጨርሰው።

ፓስፖርት፣ የመኖሪያ ካርድ፣ የተማሪነት ማስረጃና የውጤት ወረቀት ትያዝ። የቅጹን ከፊል የሚሞላው ትምህርት ቤቱ ነው። እኔን ያንገላታኝ እሱ ነው፤ ለአንዲት ወረቀት 2 ሳምንት ተመላልሻለሁ።

ቀኑ ሳያልፍ ካመለከተች መልሱ ቢዘገይም ችግር የለም፤ ካርዱ ካበቃ በኋላ እስከ 2 ወር ድረስ በሕጋዊነት ትቆያለች። አዲሱን ካርድ ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ ጃፓን ሆና መውሰድ አለባት።

ቀን ስትነጋገሩ ደግሞ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ለዩ። እኔ በስልክ «ሴፕቴምበር 20» ያልኩትን ኮምቦልቻ ያሉት ቤተሰቦቼ «መስከረም 20» ብለው ይዘውት፣ የመመለሻ ትኬቴን 10 ቀን አሳልፈው ሊቆርጡልኝ ነበር። ደግነቱ ታናሼ ጠርጥራ ደወለች።